ለኔላ ሽማግሌ የፈለግሁበት ክረምት

ባለፈው ወር ለአንድ ጉዳይ የልደት ወረቀቴን ኮፒ ላስደርግ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ኮፒ ቤት ገብቼ ነበር። ውጭ ካፊያ ነው። ውስጥ የጋለ ኮምፒውተር አቧራና የረጠበ ጋቢ አንድ ላይ ይሸታል፤ ያ ሽታ ገና በሩ ላይ ያዘኝ። አግዳሚው ላይ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ በአባቷ ስልክ ጌም እየተጫወተች ታለቅሳለች። ድምፅ አታሰማም፣ እንባዋ ብቻ ነው የሚወርደው። አባትየው ስልኩን ነጠቃትና፣ “አንቺ ልጅ ጤናም የለሽ? ለሥዕል ይለቀሳል?” ብሎ ሳቀ። ኮፒ የምታደርገው ልጅም አብራው ሳቀች።

“ምኑ ነው የሚያስቀው?” አልኩት።

ዞር ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። “እህቴ፣ ጌም እኮ ነው።”

“ጌም መሆኑን ማን ጠየቀህ? ምን ሆነሽ ነው ብለህ ጠይቀሃታል ወይ ነው የምልህ!”

 እኔም በንዴት ወረቀቴን ትቼ ወጣሁ። ከዚያ ዝናቡ ውስጥ ትንሽ ቆሜ፣ ያለ ወረቀት መሄድ እንደማልችል ሲገባኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ተመልሼ ወሰድኩ። እሱ ደግሞ ይባስ አናደደኝ።

ጌም እኮ ነው! ይቺን ነገር ስሰማ እስከዛሬ ደሜ ይፈላል። ዝም ብዬ ነገረኛ ሆኜ አይደለም፣ ምክንያት አለኝ።

እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ። አባቴን አላውቀውም፤ ሳልወለድ ነው የሞተው። እናቴ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር፤ ያለኝ ሰው እሷ ናት። አምስተኛ ክፍልን የጨረስኩ ዓመት፣ ሰኔ ላይ ታመመች። “አዲስ አበባ ታክሜ እመጣለሁ፤ አንቺ እቴቴ ዘንድ ትከርሚያለሽ” ብላ ደብረ ብርሃን አምጥታ አስረከበችኝ። እቴቴ የምላት ታላቅ እህቷን ነው። እናቴ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሆስፒታል ሞተች። እቴቴ ሰማች፣ ጎረቤት ሰማ፣ አስከሬኗ አንኮበር ሄዶ ተቀበረ፣ አገር ተላቀሰ። ለኔ የነገረኝ የለም። ያን ክረምት በሙሉ እናቴ እየታከመች ነው ብዬ ከረምኩ። አገር ያወቀውን ፀሐይ የሞቀውን ነገር ከኔ ብቻ ደበቁ።

የኛን አገር ወግ የማያውቅ ይህን ሲሰማ ጭካኔ ይመስለው ይሆናል። በኛ ዘንድ መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ገና ከመኝታው ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ተሰባስበው ቤቱ ድረስ ሄደው ነው የሚያረዱት። መንገድ ላይ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሆኖ አይነገረውም። ለልጅ ደግሞ “ቀን ይጠበቅለት” ይባላል፤ ቀኑ መቼ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ይህን ወግ እኔም አብጠርጥሬ አውቀው ነበር። አንኮበር ሳለን አንድ ማለዳ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌዎች በደጃችን ሲያልፉ እናቴ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ “ወይኔ፣ መርዶ ነው” ብላ ደረቷን ስትይዝ አይቻለሁ። እዚያች መጋረጃ ሥር ቆሜ ነው ወጉን የተማርኩት።

እቴቴ ግቢ፣ በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍል ጋሽ ማቴዎስ ተከራይቶ ኮፒ ቤት ከፍቶባት ነበር። የአርባ ምንጭ ሰው ነው፤ ለሥራ መጥቶ ኮንትራቱ ሲያልቅ እዚሁ ቀረ። ዝምተኛ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ አልለመደውም፣ ሁለት ሹራብ ደርቦ እንኳ ይንቀጠቀጣል። ክረምት ተማሪ ስለሚበተን ሥራ የለውም። ካሉት ሁለት ኮምፒውተሮች በአንደኛው ላይ አንድ ተማሪ ጭኖት የሄደ ጌም ነበር። እቴቴ በየቀኑ፣ “ሂጂ እስቲ፣ ጋሽ ማቴዎስ ዘንድ ተጫወቺ” ትለኛለች። አንኮበር እናቴ ከጓሮ እንኳ እንድርቅ አትፈቅድልኝም ነበርና፣ እቴቴ ምን ያለች ደግ ናት እያልኩ እሮጣለሁ። ለካ ለቅሶ ደራሽ ሲመጣባት ከቤት ማስወጣቷ ነው።

ጌሙ የመተኳኮስ አይደለም። አንድ መንገደኛ አለ፣ ስሙን ተጫዋቹ ነው የሚሰጠው። እኔ የራሴን ስም፣ ብርቄ ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ። ብርቄ በረዶ በሞላበት አገር ከጓደኞቿ ጋር ትጓዛለች። ጎራዴም ጭራቅም አለው፤ እሱን ጋሽ ማቴዎስ ይጨርስልኛል። የኔ ሥራ ንግግሩ ነበር። አንዱ አንድ ነገር ይልሻል፣ ከሥር ሦስት አራት መልስ ይደረደራል፣ ትመርጫለሽ። ጋሽ ማቴዎስ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብልኛል። የመረጥሽውን ደግሞ አይረሱም! እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ከጓደኞቹ አንዷ ኔላ ትባላለች። የጀልባ ቀዛፊ ልጅ ናት፣ ግን ውሃ ትፈራለች። በዚህ አባቷ ያፍርብኛል ብላ ነው ከቤት የወጣችው። ስትናገርም ትንተባተባለች፤ ጽሑፉ ላይ ፊደሉ እየተደጋገመ ይመጣል፣ ጋሽ ማቴዎስም እንዳለ፣ “አ… አ… አባቴ” እያለ ያነበዋል። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ከመልሶቹ አንዱ በመንተባተቧ የሚያሾፍ ነበር። “እሱን! እሱን!” አልኩ።

“ይቅርብሽ” አለኝ።

“ጋሼ ደግሞ፣ ጌም እኮ ነው!”

አዎ፣ እኔም ብዬዋለሁ።

ኔላ መልስ አልሰጠችም። ሦስት መንደር ሙሉ ከኋላ ከኋላ ትከተለናለች እንጂ አትናገርም። ሳናግራት ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚመጣው። “ጋሼ፣ ተበላሸ እንዴ?” አልኩት።

“አልተበላሸም። አኩርፋሽ ነው።”

“ሥዕል ያኮርፋል እንዴ?”

“ይቺ ታኮርፋለች።”

ለካ እሳት ዳር ስናርፍ አጠገቧ ከተቀመጥን “ይቅርታ” የሚል መልስ አለ። መረጥኩት። እሷም፣ “ይቅር አላልኩሽም፣ ግን እንሂድ” አለችኝ። ይቺ ንግግሯ በጣም ገረመችኝ። ትልልቅ ሰዎች ሲጣሉ ያየሁት ወይ ሲስሙ ወይ ሲራገሙ ነው፤ ይቅር ሳይሉ አብሮ መሄድ እንዳለ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ለመደችኝ። ጌሙ ጉልበት ሲጨምር ቁጥር ይጽፋል፣ ሌቭል ይለዋል። የኔላ ለውጥ ግን በቁጥር የተጻፈ የትም የለም። ከኛ ጋር ስታወራ መንተባተቧ እየቀነሰ መጣ፣ ባዳ ሰው ሲያናግራት ግን ያው ነው። ይህን ያስተዋልኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ማቴዎስ አይደለም። “አየህ ጋሼ፣ እኛን አትፈራንም!” አልኩት። “ልጅ ነሽ፤ ይህ ሁሉ ባይገባሽ ይሻልሽ ነበር” አለኝ። አልገባኝም።

ያን ሰሞን እማማ ዘሀራ መጡ። አልዩ አምባ ጨርቅ የሚነግዱ፣ የእናቴ ወዳጅ ናቸው። ገና እንዳዩኝ ጭምቅ አድርገው አቀፉኝና፣ “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” አሉ። እንባቸው አንገቴ ላይ ወረደ። እቴቴ ክንዳቸውን ስትቆነጥጥ አይቻለሁ። “ዓይናቸውን ያማቸዋል” አለችኝ ወዲያው። ሙስሊሞች ሰው ሲሞት የሚሉት ነው፤ እኔ ግን የሰላምታ ዓይነት መሰለኝ፤ አነጋገሩም ደስ አለኝና ውስጤ ደጋግሜ ያዝኩት። በማግሥቱ ጋሽ ማቴዎስ ደጃፍ ቆሜ በታላቅ ደስታ ያንኑ አልኩት። የያዘው ወረቀት ከእጁ ወደቀ።

“ማን አስተማረሽ?”

“እማማ ዘሀራ። ሰላም ሲሉኝ።”

“እሺ። ለሌላ ሰው ግን አትበዪ፣ እሺ?” አለኝ። ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን ሲለቅም ብዙ ቆየ።

እስቲ ፍረዱ! ያኔ ሊነግረኝ አይችልም ነበር? በእሱም እኮ ተናድጃለሁ፣ እሱን ብቻ ለይቼ አላልፈውም።

እናቴን በስልክ ላናግራት ስል “ሐኪም ስልክ ከልክሏል” ይሉኛል። በየእሑዱ ግን እቴቴ፣ “እናትሽ በነርሷ በኩል ሳሙልኝ ብላለች” ብላ ጉንጬን ትስመኛለች። ሆስፒታሉ ይበርዳታል ብዬ ኮፍያ ልሠራላት አሰብኩና እቴቴን የሱፍ ክር ጠየቅኋት። ገበያ ወጥታ ቀይ ክር ገዛችልኝ። ቀይ! “እማዬ ቀይ ትወዳለች አይደል?” ስላት፣ “አዎ፣ ያምርባታል” አለችኝ። ለሞተ ሰው ኮፍያ ስሠራ ክር እየያዘች አግዛኛለች። 

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው ጌሙ ውስጥ ደብዳቤው የመጣው። ብርቄ አንድ ማደሪያ ቤት ስትደርስ ባለቤቱ ደብዳቤ ሰጣት። ጋሽ ማቴዎስ ማንበብ ጀምሮ አቆመ። ሻይ ልጠጣ ብሎ ወጣ። ተመልሶ መጥቶም ኮምፒውተሩን ሊያጠፋው ሲል ጮህኩበት።

“ምን ይላል? ንገረኛ!”

“የኔላ አባት ሞቷል ይላል” አለ፣ እኔን ሳያይ።

ኔላ ውጭ ፈረሶቹ ዘንድ ናት፣ አታውቅም። መልሶቹ ተደረደሩ፦ አሁኑኑ ንገሪያት፤ ቆዪና ንገሪያት፤ ደብዳቤውን አቃጥዪው። እኔ ለአፍታም አላመነታሁም። መንገድ ላይ መርዶ? ያውም እንዲያው ለብቻዋ? “ቆይ የሚለውን” አልኩ፣ ወግ እንደሚያውቅ ሰው ኮራ ብዬ። ከዚያ ሽማግሌ ፍለጋ ጀመርኩ።

አትሳቁ። ሁለት ቀን ሙሉ ነው የፈለግሁት። ነጭ ጢም ያለው ሁሉ አያመልጠኝም። አንዱን ሳናግረው ቀስት ሽጦልኛል። አንዱ ስለ በረዶው አወራኝ። አንድ መነኩሴ የሚመስል አግኝቼ በደስታ ልሞት ስል፣ ፍየል ጠፍቶብኛል ፈልጉልኝ አለኝ፤ ፍየሉን አገኘንለት፣ አመስግኖ በሩን ዘጋ። ጌሙ ውስጥ ይመሻል ይነጋል፤ ጎህ ሲቀድ ኔላ የተኛችበት እንድደርስ እያሰብኩ ድንኳን ውስጥ ብርቄን አስተኛታለሁ፣ አስነሣታለሁ። ስደርስ ግን ስለ መርዶ የሚል መልስ አይመጣም።

“ምን እየፈለግሽ ነው?” አለኝ ጋሽ ማቴዎስ።

“ሽማግሌ። ሦስት ቢሆኑ ጥሩ ነበር፣ ሁለትም አያንስም።”

አልሳቀም። “ብቻሽን ብትነግሪያትስ?”

“ጋሼ ደግሞ! ብቻውን መርዶ የሚናገር ማን አለ? ሰው ምን ይለኛል?”

ሽማግሌው ሳይገኝ ቀኑ ሄደ፣ መንገዱም ቀጠለ። ኔላ በየባሕሩ ዳር ለአባቷ ዛጎል ትለቅማለች፤ እኔም አብሬ እለቅምላታለሁ። “ይወደው ይሆን?” ስትለኝ፣ “በጣም ይወደዋል” የሚለውን እመርጣለሁ። ምን ልበል ታዲያ? አንድ ቀን ይባስ ብላ ውሃ ገባች። ጀልባ መቅዘፍ ተማረች! እየተንቀጠቀጠች ወዲያ ማዶ አደረሰችን። “አባቴ ይህን ሲያይ!” አለች፣ አንድም ሳትንተባተብ። እኔ አጨበጨብኩ። ጋሽ ማቴዎስ ማውሱን አስቀምጦ መስኮቱ ዘንድ ሄደ። መብራት የሚጠፋ መስሎት ሰማዩን እያየ ነው ብዬ አሰብኩ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ እቴቴ የማኅበር ድግስ አለብኝ ብላ አንኮበር ሄደች። ሁለት ቀን ቆይታ ስትመለስ በነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። ዳቦው ልዩ ነው፣ ጥቁር አዝሙድ ጥቁር አዝሙድ ይላል። አንድ ቁራሽ በላሁ። “እቴቴ፣ ጨምሪልኝ” አልኩ። ጨመረችልኝ። ሦስተኛም በላሁ። “ለእማዬም አስቀምጪላት፣ ሲደርቅም ይበላል” ስላት፣ ድስቱ አረረብኝ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። እሳት ላይ የተጣደ ድስት እንዳልነበረ ያኔም አይቻለሁ፤ ግን ዳቦው ጣፍጦኝ ነበር።

የእናቴ የአርባ ተዝካር ነው የበላሁት። እናቴ ምድር ውስጥ አርባ ቀኗን ስትደፍን፣ እኔ አፌን በዳቦ ሞልቼ ጨምሩልኝ እላለሁ። ወይ ነዶ! አሳዘንሽን፣ ወደድንሽ፣ ልብሽ እንዳይሰበር ብለን ነው ይሉኛል። ይወዱኝ እንደነበር አላጣሁትም። እቴቴ እኔን ስትል ለሁለት ወር ጥቁር ልብሷን ጎረቤት እያስቀመጠች፣ እዚያ እየለበሰች እዚያው እያወለቀች ከርማለች። ግን ማንን ነው የቀለለው? እነሱ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ወጣላቸው። እኔን ዳቦ አጎረሱኝ።

ጳጉሜን ልትገባ ስትል ኔላ ደብዳቤውን አገኘችው። ከብርቄ ከረጢት ውስጥ ዳቦ ስትፈልግ። እሳት ዳር ነበርን። ደብዳቤውን አነበበች፣ ቀኑን አየች፣ ከዚያ ወደ ብርቄ ዞረች። ጋሽ ማቴዎስ ቀስ እያለ ያነብልኛል።

“ስስቅ እያየሽ ዝም አልሽ። ዛጎል ስለቅም አብረሽኝ ለቀምሽ። ይወደዋል አልሽኝ። ሁላችሁም አውቃችሁ እኔ ብቻ ሳላውቅ ስንት መንደር አለፍን?”

ድምፁ ተሰበረ። ብርዱ ነው አለኝ። ኔላ ዛጎሎቹን መሬት ላይ ዘርግፋ ሄደች። ከጓደኞቹ ዝርዝር ስሟ ጠፋ።

እኔ ግን ለኔላ አላዘንኩም። ተናደድኩባት! “ይቺ ስድ! እኔ በወጉ ልነግራት አይደል የለፋሁት? ውለታ ቢስ! ሽማግሌ ያጣሁት እኔ ምን ላድርግ?” እያልኩ ወንበሩን በእርግጫ አልኩት። ስጮህ፣ ስወርድባት ጋሽ ማቴዎስ አልከለከለኝም። ሲያልቅልኝ፣ “ደብዳቤው የደረሰ ዕለት ሴቭ አድርጌዋለሁ። ወደ ኋላ ልንመለስ እንችላለን። ትፈልጊያለሽ?” አለኝ።

በማግሥቱ ተመለስን። ማደሪያ ቤቱ፣ ባለቤቱ፣ ደብዳቤው። ኔላ ውጭ ፈረሶቹ ዘንድ። ቀን ነው፣ በረዶ እየጣለ ነው፣ አንድም ሽማግሌ የለም። “አሁኑኑ ንገሪያት” የሚለውን መረጥኩ። እውነተኛ ሰው የምገድል ነው የመሰለኝ። ኔላ ሰማችና በረዶው ላይ ቁጭ አለች። አንድ መልስ ብቻ መጣ፦ አጠገቧ ተቀመጪ። ተቀመጥኩ። ጌሙ ሌላ ምንም አያስደርግም። ሙዚቃው ቆመ፣ በረዶው ብቻ ይወርዳል፣ ሁለቱ ተቀምጠዋል። ብዙ ቆየ። ከዚያ ኔላ፣ “መቼ ነው የሰማሽው?” አለች።

“አሁን” የሚለውን መረጥኩ። እውነት ነበር። ኔላ ጭንቅላቷን ብርቄ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች።

እኔ እዚያ ላይ ነው ወደ ጋሽ ማቴዎስ የዞርኩት። ፊቱ በእንባ ርሷል። አንድ ትልቅ ሰው ለጌም እንዲህ አያለቅስም። እማማ ዘሀራ ያቀፉኝ ትዝ አሉኝ። የሌለው ድስት ትዝ አለኝ። ጎረቤት ሁሉ ከረሜላ ሲሰጠኝ፣ ፀጉሬን ሲዳብሰኝ፣ እኔ ስመጣ ወሬ ሲቋረጥ፤ ሁሉም ተያይዞ መጣብኝ።

“ጋሼ” አልኩት። “እናቴስ?”

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። የሚያስከትለው ሽማግሌ አልነበረም። ተመልሶ ከፊቴ መሬት ላይ ቁጢጥ አለና፣ “እናትሽ ሞታለች፣ ብርቄ። ሐምሌ ሦስት ቀን” አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እግዜር ይስጠው፣ አላሳመረውም። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። እሱም ሲሚንቶው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ዋለ፤ ሰው በር ሲያንኳኳ አልከፈተም።

እቴቴ ስታገኘኝ ዓይኔ አብጧል። “እናቴ ሐምሌ ሦስት ሞታለች” አልኳት። የመጀመሪያ ቃሏ ምን መሰላችሁ? “ልጄ” አይደለም። “ማን ነገረሽ?” ነው። ማን ነገረሽ! ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትደርብ ጋሽ ማቴዎስ ላይ ወረደችበት። “የሰው አገር ሰው! ከእንቁጣጣሽ በኋላ ሽማግሌ ሰብስበን ልናረዳት አስበን፣ አንተ እንደ ወሬ ታፈነዳባታለህ? ልጅቷ ብታብድ ማን ሊጠየቅ ነው?” ስትል ግቢው ተሰበሰበ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ! አደይ አበባ ይዤ ደጅ ለደጅ እንድዘፍን አስበውልኝ ነበር ማለት ነው። ጋሽ ማቴዎስ፣ “ጠየቀችኝ፣ እትዬ። ጠይቃኝ መዋሸት አልቻልኩም” አለ። ሌላ መከላከያ አላቀረበም። ቤቱን እንዲለቅ ተነገረው። ከሁለት ወር ውሸታም ሁሉ መሀል የተፈረደበት እውነቱን የተናገረው ሰው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በኛ ግቢ ግን እውነት ያመጣው ሰው ነው ዕቃውን ሸክፎ የወጣው።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል ሰው ቀሰቀሰኝ። ቀና ስል አራት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋዬ ዙሪያ ቆመዋል፣ ሴቶቹ በር ላይ። ወጉ አይቀርም፣ ሊያረዱኝ መጥተዋል! ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ “ልጄ፣ ሰው ሆኖ የማይሞት የለም…” ብለው ጀመሩ።

“አውቃለሁ አባባ” አልኩ። “ትናንት ሰምቻለሁ።”

ወደ እቴቴ አዩ፣ እሷ መሬት አየች። እሳቸውም እንዳልሰሙ ሆነው ከመጀመሪያው ጀመሩ። አዳምን ጠሩ፣ ነገሥታቱን ጠሩ፣ ሁሉም ሟች ነው አሉ፣ ከዚያ የእናቴን ስም ጠሩ። ሴቶቹ ያኔ ገና እንደሰማ ሰው ኡኡ አሉ። ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው፣ እስክጮህ ይጠብቃሉ። እኔ አልጮህኩም። ደርቄ ቁጭ አልኩ።

“አይ ልብ!” አለች በር ላይ የቆመች ጎረቤት፣ ቀስ ያለች መስሏት። “ትናንት ኮፒ ቤት ለጌም ስትንሰቀሰቅ ተሰምታለች አሉ። ለወለደቻት እናት ግን ጠብ አላላትም።”

ብድግ ብዬ አልጋው ላይ ቆምኩ። “ለእናቴ ነው ትናንት ያለቀስኩት!” አልኩ። “እናንተ በሐምሌ አለቀሳችሁ፣ እኔ ትናንት። ዛሬ ደግሞ ለእናንተ ስል እንዳለቅስ ትፈልጋላችሁ። የኔ እናት ናት! አብረን ነበር ማልቀስ የነበረብን!”

“ዝም በይ፣ ሽማግሌ ፊት!” አለችኝ እቴቴ።

ዝም አላልኩም።